የመርዶው ሹፌር

ሕግ ተምሮ ሥራ ማጣትን የመሰለ ነገር የለም፤ ለአበሻ ሁሉ የነጻ ጠበቃ ትሆናላችሁ። ሠርግ ላይ ሳህን ይዤ ስሰለፍ «አንቺ ልጅ፣ አከራዬ ማሞቂያውን አልጠግንም ብሎኛል» ይለኛል ከኋላዬ ያለው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማዬን ሳወልቅ «አንቺ ልጅ፣ አለቃዬ የዓመት ፈቃዴን በላብኝ» ትለኛለች ጫማዋን የምታጠልቀው። ዲግሪዬን ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም፣ አንድ ቢሮ እንኳ ለኢንተርቪው አልጠራኝም፣ ደንበኛ ግን ሞልቶኛል። ከጥያቄው ሁሉ የሚበዛው ደሞ ይሄ ነው፦ ፖሊስ መኪና አስቁሞ ሹፌሩን «የኢሚግሬሽን ወረቀትህን አምጣ» ማለት ይችላል ወይ?

ለሁላችሁም አንዴ ልመልስላችሁና ተዉኝ። ይችላልም፣ አይችልምም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዓይኔ የፈሰሰው ይቺን ለማወቅ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ የሚነዳን ሰው ቁም ማለት ይችላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ ማለትም ይችላል። ከዚያ አልፎ «ማን አስገባህ፣ እስከ መቼ ነህ» ብሎ ይዞ ለመሄድ ግን የፊት መልክ ብቻ አይበቃውም፤ የሚያጠራጥር በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ይላል መጽሐፉ። መጽሐፉ የማይናገረው ምክንያቱ ከየት እንደሚመጣ ነው። በኛ ጊዜ ከየት መጣ መሰላችሁ? እኛው አዘጋጅተን፣ በእንግሊዝኛ ተርጉመን፣ በእጁ ሰጠነው።

የለንደን አበሻ ሆናችሁ ተስፋዬን ካላወቃችሁት መኪናውን ታውቃላችሁ። ቀለሟ ምን እንደነበር የተረሳ አሮጌ ፎርድ ናት፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ከምናውቀው ሰው መኪና ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ፍሪጅ የሚያመላልሰው እሱ፣ ከኤርፖርት እንግዳ የሚቀበለው እሱ፣ ምጥ የያዛትን ሆስፒታል የሚያደርሰው እሱ። አገር ቤት መሬት ቀያሽ ነበር፣ እዚህ ሆቴል ወጥ ቤት ድስት ያጥባል። ሚስት የለው፣ ወንድም የለው፤ ያለችው አንዲት እናት ናት፣ ደሴ።

ነበረችው ልበል እንጂ። «አለችው» እያልን ሁለት ወር ስለከረምን ምላሴ ለምዶ ነው።

ስልኩ የተደወለው ለጋሽ አስፋው ነው። በኛ ደንብ እናቱ የሞተችበት ሰው ቤት አይደወልም። የሚደወለው ሌላ ሰው ቤት ነው፣ ያ ሰው ለሌሎች ይነግራል፣ በመጨረሻ የለንደን አበሻ በሙሉ አውቆ አንድ ሰው ብቻ ሳያውቅ ይቀራል፤ እሱም ባለ ሐዘኑ። ጋሽ አስፋው አገር ቤት የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ፣ እዚህ የቢሮ ሕንፃ ጽዳት ይቆጣጠራሉ፣ እውነተኛ ሙያቸው ግን መርዶ ነው። እሳቸው የሌሉበት መርዶ እንደተነገረ አይቆጠርም። መጀመሪያ ጾሙ ይለፍ አሉ። ቀጥሎ የማንቸስተሩ ያገሩ ልጅ ይምጣ አሉ። የማንቸስተሩ ሲመጣ ደሞ ሠርግ አለ፣ የሰው ደስታ እንዳይበላሽ አሉ።

«ለምን አሁኑኑ ሄደን አንነግረውም?» አልኩ አንድ ቀን፣ ጋሽ አስፋው ቤታችን መጥተው ሳለ።

የምኖረው ከአክስቴ ከብርሃኔ ጋር ነው። ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲሁ? በሩን አንኳኩተሽ?»

«አዎ። ተስፋዬ፣ እናትህ ሞታለች፣ በጣም አዝናለሁ። ከዚያ አብረን እናለቅሳለን።»

«ይቺን ልጅ እንግሊዝ አገር አበላሻት» አሉ ጋሽ አስፋው፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ስሚ ልጄ። ሰው የእናቱን ሞት ብቻውን አይሰማም። ግራና ቀኙን የሚይዘው ይፈልጋል። በማለዳ፣ ቤት ሙሉ ሰው ባለበት፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ንብረቱንም፣ ማዕረጉንም ትተን መጣን። የቀረን ይሄ ነው።»

እዚች ላይ አፌን ዘጋሁ፤ አፌን መዝጋት ደሞ ልማዴ አይደለም። ግን አባቴ እስር ቤት እንደሞተ የተነገረኝ ቀን ግራ ክንዴን የያዙት ጋሽ አስፋው፣ ቀኙን የያዘችው አክስቴ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ነበርን። መስኮቱ ክፍት ነበር።

እሺ፣ በደንቡ ይሁን። ግን የት? ተስፋዬ ቶተንሃም የተከራያት ክፍል አልጋና ወንበር ናት፤ አከራይዋ አሮጊት ደሞ እንግዳ ቀርቶ ጮክ ብሎ ማስነጠስ አትፈቅድም። ለቅሶ ቢሰማባት ማታውኑ ሻንጣውን ደጅ ታወጣለች። ስለዚህ ብሪክስተን፣ ሰፊ ሳሎን ያለው፣ እትዬ ዘውዴ ከማዘጋጃ ቤቱ የተከራየችው ቤት ተመረጠ። ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ጎህ ሲቀድ። ለተስፋዬ «ክርስትና አለ» ተባለ። እዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ችግሩ እኛ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ፊንስበሪ ፓርክ ነን፤ እሁድ ማለዳ ባቡሩ አይነሳም፣ አውቶቡሱም ሲፈልግ ነው የሚመጣው።

«ምን ችግር አለ» አሉ ጋሽ አስፋው፣ «ተስፋዬ ያደርሰናል።»

«ጋሼ፣ ሰውየውን ወደ ራሱ መርዶ ራሱ እንዲነዳ ልናደርገው ነው?»

«ታዲያ ያለ እሱ መኪና ያለው ማነው?» አሉኝ።

ተስፋዬ በተባለው ሰዓት ከች አለ። ነጭ ሸሚዝ በክራቫት፣ ጸጉሩ በውሃ ተበጥሮ፣ ዳሽቦርዱ ላይ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ የሕፃን ስጦታ። ጋሽ አስፋው ከፊት ገቡ፣ እኔና አክስቴ ከኋላ። ሁላችንም በካፖርታችን ስር ጥቁር ለብሰናል፤ ካፖርቱን እስከ አገጫችን ቆልፈነዋል። የአክስቴ ትልቁ ቦርሳ ኋላ ተጭኗል።

ተስፋዬ ሲነዳ ያወራል። «እትዬ ብርሃኔ፣ እዚያ ወንበሩ ላይ ያለውን ፌስታል እስቲ ክፈቺው። ለእማዬ ነው። ማክሰኞ የሚሄድ ሰው አገኘሁ።»

አክስቴ ከፈተችው። የሱፍ ካልሲ ነው፣ ወፍራም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ።

«እግሯን ብርድ አይወድላትም። ይሞቃል አይደል? በእጅሽ አስገቢና እዪው።»

አክስቴ እጇን ካልሲው ውስጥ አስገባች። እንዳስገባች ቀረች። «ይሞቃል» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ምነው ድምጽሽ?»

«ጉንፋን ነው።»

«ካስለቀሰሽማ ጉንፋኑ ክፉ ነው» አለ ተስፋዬ በመስታወቱ እያያት፤ ሳቀ። ጋሽ አስፋው ደረቅ ሳል ሳሉ። እኔ የመንገዱን ሱቆች ስም አንድ በአንድ አነብ ነበር። ካልሲውን ከአክስቴ እጅ ማን እንዳወጣው አላስታውስም።

ብሪክስተን ልንገባ ስንል ከኋላችን ሰማያዊ መብራት በራ።

«አይዟችሁ» አለ ተስፋዬ ጥጉን ይዞ ሲያቆም። «እዚህ ጋ ሁሌ ነው። ጥቁር ሰው ሲነዳ አይተው ካላስቆሙ ቀኑ የጀመረ አይመስላቸውም።»

ሁለት ናቸው። አንዱ ሸምገል ያለ ባለ ሪዝ፣ ሌላው ጆሮው ገና የሚቀላ ወጣት። ሽማግሌው በተስፋዬ በኩል ጎንበስ አለ።

«መኪናው ያንተ ነው?»

«አዎ ሰር።» መንጃ ፈቃዱን ሰጠው። ተመለከተው፣ ገለበጠው፣ ጥፋት አጣበት።

«ከየት ነህ?»

«ከቶተንሃም።»

«ከዚያ በፊት?»

«ፊንስበሪ ፓርክ ምድር ቤት ተከራይቼ ነበር።»

«ከዚያ በፊት።»

«ኢትዮጵያ።»

ሊደርስ የፈለገው እዚህ ነበር። ፓስፖርት? ፓስፖርቱ ኢሚግሬሽን ጋ ነው፤ ጠበቃው አስገብቶለት መልስ እየጠበቀ ነው። በዚያን ጊዜ የማናችንም ፓስፖርት ቤታችን አልነበረም። እውነት ነው፤ ግን ሁላችንም የምንለው ያንኑ ስለሆነ ለፖሊስ እንደ ተጠና ነገር ይመስለዋል።

እኔ አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። «መንጃ ፈቃዱን አሳይቷችኋል። ሌላው የሚጠየቀው በምን ምክንያት ነው?»

«አንቺ ማነሽ?»

«ሕግ ተምሬያለሁ።»

«ጠበቃ ነሽ?»

«ገና ነኝ።»

«ገና ነሽ» አለ፤ ለወጣቱ እንዲሰማው አድርጎ ነው ያለው። ወጣቱ ጆሮው ቀልቶ ሳቀ። «በዚህ ማለዳ ወዴት ናችሁ?»

«ክርስትና» አለ ተስፋዬ፣ ኮርቶ።

ሽማግሌው በወዲያኛው በኩል ዞሮ ለጋሽ አስፋው መስኮቱን አንኳኳ። «አንተስ፣ የት ነው የምትሄደው?»

ጋሽ አስፋውን ልብ በሉልኝ። ለተስፋዬ «ክርስትና» ያሉት ሌላ ሰው ልከው ነው፤ በራሳቸው አፍ አላሉትም። እሁድ ቀን፣ ቅዳሴ ባልወጣበት ሰዓት፣ በጥምቀት ላይ መዋሸት ለሳቸው ከእስር ይከፋል። «ሰው ልጠይቅ» አሉ።

«ውጣ እስቲ።»

በሩ ከውስጥ አይከፈትም። ጋሽ አስፋው ይገፉታል፣ ፖሊሱ «ውጣ ብዬሃለሁ» ይላል፣ ተስፋዬ «ሰር፣ እርስዎ ነዎት የሚከፍቱት» ይላል፣ ወጣቱ እጁን ወደ ዱላው ይሰዳል። ለአንድ የተበላሸ እጀታ ጦርነት ሊነሳ ሲል አክስቴ ከኋላ ደንግጣ «ቸርች፣ ቸርች» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«ክርስትና፣ ሰው መጠየቅ፣ ቸርች» አለ ሽማግሌው በሩን ከፍቶ ጋሽ አስፋውን እያወጣ። «እሺ። የሚጠመቀው ሕፃን ስሙ ማነው?»

ተስፋዬ ወደኛ ዞረ። «እውነት ማን ነው የተባለው?»

«ሚካኤል» አለች አክስቴ።

«ማርታ» አሉ ጋሽ አስፋው፣ እኩል። ለካ መዋሸት ካልቀረ በደንብ ይሁን ብለው ቆርጠው ነው።

አንድ የወተት መኪና ጠርሙስ እያንኳኳች አለፈች። እኔ ከመናገሬ በፊት አላሰብኩም፤ «መንታ ናቸው» አልኩ።

«መንታ ናቸው?» አለ ተስፋዬ። ፊቱ በራ። «ምነው ሳትነግሩኝ? እኔ እኮ አንድ ስጦታ ነው የገዛሁት።»

ውሸታችንን ከልቡ ያመነው እሱ ብቻ ነበር፤ ተጠርጣሪውም እሱ።

ቀጥሎ የኋላው ተከፈተ። ወጣቱ የአክስቴን ቦርሳ ዚፕ ሳበው። ጥቁር ቀሚስ ወጣ። ጥቁር ሻሽ ወጣ። ሌላ ጥቁር ቀሚስ፣ ሌላ ጥቁር ሻሽ፣ ከዚያ የሶፍት ወረቀት ካርቶን በካርቶን ላይ፤ ሆስፒታል የሚከፈት ነው የሚመስለው። ተስፋዬም መጥቶ በፖሊሱ ትከሻ ላይ አየው።

«ይሄ ሁሉ ምንድነው እትዬ?»

«የሚታጠብ ልብስ ነው» አለች አክስቴ። «የዘውዴ ማሽን ጥሩ ያጥባል።»

ሶፍቱስ? አትጠይቁኝ። ወጣቱ ጠይቋት ነበር፤ «ጉንፋን» አለችው።

ሽማግሌው ፖሊስ ተስፋዬን ወስዶ ከፊት በኩል ሞተሩ ላይ እጁን አሳርፎ እንዲቆም አደረገው። ለጓደኛውም «ይሄ ከኛ ጋር ይመጣል፣ ከኢሚግሬሽን ጋር ቼክ እናደርገዋለን» ሲል ሰማሁ። ስለሌሎች ሰምተን ነበር። «ለአንድ ሰዓት ነው» ተብለው የገቡ፣ በሳምንቱ ኤርፖርት አጠገብ ካለ እስር ቤት ደብዳቤ የጻፉ አሉ። ተስፋዬ ዛሬ ከገባ፣ የእናቱን ሞት ማን፣ የት፣ እንዴት ይነግረዋል? በእስር ቤት ስልክ? በዚያ በኩል ግራና ቀኝ የሚይዘው ማነው?

ጋሽ አስፋው ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ ጎተቱኝ። «ንገሪው» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እውነቱን። እናቱ ሞታለች፣ ልናረዳው ነው፣ ለዛሬ ተውልን በይው። እንግሊዝኛው ባንቺ አፍ ያምራል።»

«ጋሼ፣ ፖሊሱ ለተስፋዬ ቢነግረውስ?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። ዲግሪዬን ስይዝ እንኳ እንደዚያ ሞኝ ሆኜ አልታየኋቸውም። «መርዶ እኮ ነው ልጄ። ፖሊስ ቢሆን፣ እንግሊዝ ቢሆን፣ እናት የለውም? እንዲህ ያለ ነገር የነገርሽው ሰው በመንገድ ላይ ያወጣዋል? ከመቼ ወዲህ?»

እዚህ ላይ የኛን ሰው ጥሩነት አስቡት፤ ደርግን ሸሽቶ የመጣ፣ ኬላ ላይ የተፈተሸ፣ ቤቱ የተበረበረ ሰው፣ መርዶን የሚያወጣ ግን በምድር ላይ አለ ብሎ አያምንም። ይሄ ስህተት ከኛ በቀር ለማን ይመጣል?

ሽማግሌውን ፖሊስ ወደ ጎን ጠራሁትና ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ ጋሽ አስፋው አጠገቤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ሰማኝ። አላቋረጠኝም።

«እናቱ ሞታለች።»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሁለት ወር ሆነ።»

«እና ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ እሱ አያውቅም።»

«አዎ። ልማዳችን ነው። ዛሬ ነው የሚነገረው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ገባኝ» አለ። ጋሽ አስፋው «ገባኝ» ማለቱን ያለ አስተርጓሚ ሰሙ፤ እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

ከዚያ ሄዶ ተስፋዬን ፖሊስ መኪና ውስጥ አስገባው።

ሮጥኩ። «ምን ጥርጣሬ አለህ? ምክንያትህ ምንድነው?» አልኩት።

በር እየዘጋ መለሰልኝ። ክፉ ድምጽ የለውም፤ እሱ ነው የሚያናድደኝ። «አንዱ ክርስትና ይላል፣ አንዱ ሰው ጥየቃ፣ አንዷ ቸርች፣ ሕፃኑ ወንድም ሴትም ነው፣ አሁን ደሞ ቀብር ሆነ። አንቺ ብትሆኚ አትጠረጥሪም፣ የኔ ቆንጆ?»

አበጥረው የሚያስተምሩት «በቂ ምክንያት» ይሄውና። እኛው ነን የሰጠነው።

ተስፋዬ በመስኮቱ ቁልፉን አቀበለኝ። «እናንተ ሂዱ፣ ክርስትናው እንዳያልፋችሁ» አለ። «ስጦታውን አድርሱልኝ። ለሁለተኛው ሌላ እገዛለሁ በሏቸው።»

ከኛ መንዳት የሚችል የለም። ፎርዷን እዚያው ትተን፣ የአክስቴን ቦርሳ ለሁለት አንጠልጥለን በእግር ፖሊስ ጣቢያው ደረስን። አክስቴ ከመንገድ ስልክ እትዬ ዘውዴ ጋ ደወለች። ሲደወልላት ሳሎኗ ሙሉ ለቀስተኛ ቁጭ ብሎ በሩን እያየ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እትዬ ዘውዴ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትላ፣ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ከተፍ አለች።

ጋሽ አስፋው ደረታቸውን ያዙ። «በዚህ መልክ? በዚያ በር ብቅ ቢልና ቢያያችሁስ?»

የጣቢያው መጠበቂያ ክፍል የዚያን ቀን ያየውን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየም። እትዬ ዘውዴ ከቦርሳዋ ለገበያ የምታስረውን አበባ አበባ የናይለን ሻሽ አውጥታ በጥቁሩ ላይ አሰረች። አንዱ ሽማግሌ ጥቁር ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። አክስቴ የተስፋዬን ስጦታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ ክርስትና የሚመስለው እሱ ብቻ ስለሆነ። ጋሽ አስፋው በተርታው አለፉ፦ «ማንም እንዳያለቅስ። ፈገግ በሉ። ዘውዴ፣ ምን ሆነሻል፣ ፈገግ በይ አልኩሽ እኮ።»

እትዬ ዘውዴ ፈገግ አለች፤ እንባዋ በፈገግታዋ መሃል ወረደ። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችውን ሴት ፖሊስ አሳዘንናት።

«ሰው ሞቶባችሁ ነው?»

«ኖ፣ ኖ» አለ ወንበሩ ሁሉ ባንድ አፍ። «ባፕቲዝም።»

እኔ ወደ መስታወቱ ተመላለስኩ። የምን ጥርጣሬ፣ የማን ትእዛዝ፣ ጠበቃው ይጠራለት። ሴትዮዋ በየጊዜው «ተቀመጪ፣ እየታየ ነው» ትላለች። ጋሽ አስፋው ግን ተረጋግተዋል። «ተይ፣ አታስቸግሪያቸው። ያ ሽማግሌ ነገሩን ይዞታል። ቶሎ ይለቀዋል፣ ታያለሽ።»

በዚህም ልክ ነበሩ። ቶሎ ለቀቀው።

በሩ ተከፈተና ተስፋዬ ወጣ። ክራቫቱ ተፈትቶ በእጁ ነበር። ሁሉም ባንዴ ብድግ አለ፣ ሁሉም ባንዴ ፈገግ አለ። ተስፋዬ ቆሞ ከዳር እስከ ዳር አየን፤ የእትዬ ዘውዴን ሻሽ፣ የሽማግሌዎቹን ፊት፣ አክስቴ ጭን ላይ የነበረውን ስጦታ።

«ተመስገን» አሉ ጋሽ አስፋው። «ለቀቁህ?»

«ወረቀቱን ከጠበቃህ ይዘህ ቅረብ ብለው ለቀቁኝ።»

«በል እንግዲህ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለ። ድምጹ እንደ ሁልጊዜው ነው።

ጋሽ አስፋው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እኛ ቀድመን ሄደን ቤቱን እናስተካክል። አንቺ ከሱ ጋር ወደ መኪናው ሂጂ፣ ትንሽ አቆይው።» ሄዱ፣ ጥቁርና አበባ እየሆኑ።

ከተስፋዬ ጋር እስከ ፎርዷ ድረስ ሄድን፤ ቁልፉን መለስኩለት። በሩን ከውጭ ከፍቶልኝ ገባሁ። እሱም ገባ፣ ቁልፉን ሰካው፣ አላስነሳውም።

«ስለ እናቴ ጠየቀኝ» አለ።

ወደሱ ዞርኩ።

«ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም። በሕይወት አለች? አለኝ። አለች፣ ደሴ ናት አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ውጭ ያሉት ጓደኞችህ ሁለት ወር ሆኗታል ይላሉ፤ ከናንተ የሚዋሸው ማነው፣ አንተ ነህ እነሱ? አለኝ።»

«ተስፋዬ...»

«ተጨቃጨቅኩት እኮ። በደንብ ነው የተጨቃጨቅኩት። አልሰማሃቸውም፣ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ክርስትና ነው የምንሄደው፣ ስጦታም ይዣለሁ አልኩት። እየማልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሰሞኑን እትዬ ብርሃኔ ሦስቴ ወጥ ይዛ መጣች። የማንቸስተሩ ልጅ አቅፎኝ አልለቅ አለ። ጋሽ አስፋው በስሜ መጥራት ትተው ልጄ ይሉኛል። ይሄን ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አሰብኩት፣ ሰውየው እየጠበቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«እነሱ ልክ ናቸው አልኩት። እናቴ ሞታለች አልኩት።» መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «በቃ፣ አሁን ቃላችሁ ገጠመ፣ መሄድ ትችላለህ አለኝ።»

ክንዱን ያዝኩት። አንዱን ክንድ ብቻ፤ ሌላው በበሩ በኩል ነበር፣ እዚያ ማንም አልነበረም።

መኪናውን ሲያስነሳ «እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። «ይንገሩኝ። ሰው ሰብስበዋል።»

እትዬ ዘውዴ ቤት ስንገባ ሳሎኑ ቆሞ ጠበቀን። ሁሉም ጥቁሩን ገልጧል። ጋሽ አስፋው መሃል ወጡ። ግራና ቀኙን ሁለት ሰው ያዘው። ጀመሩ፦ እግዚአብሔር የሰጠውን እግዚአብሔር ይወስዳል፣ እናት ለማንም ዘላለም አትሆንም፣ አንተ ወንድ ነህ፣ እኛ አለንልህ። ቀስ እያሉ፣ ቃል እየመረጡ፣ እስከ መጨረሻው። ተስፋዬ ራሱን ደፍቶ ሁሉንም አዳመጠ። እሳቸው ጨርሰው «እማማ አርፈዋል» ሲሉ ወደ ፊት ተንገዳገደ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያዙት። ብዙ እጅ ነበር፣ አልወደቀም።

ረፋዱ ላይ ጋሽ አስፋው ወጥ ቤት መጥተው አገኙኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ድካም ላይ ናቸው፣ ግን ሥራውን በደንብ የሠራ ሰው ፊት ነው ያላቸው።

«አየሽ ልጄ» አሉ። «ምን ነበር የፈራሽው? ያ ፖሊስ እኮ ትንፍሽ አላለም። ሰው ነው ብዬሽ አልነበር? ነገ ጠዋት በዚያ ጎራ በይና አመስግኚልኝ። የምስጢራችንን ክብር ስለጠበቅክልን በይው፣ ባማረ እንግሊዝኛ።»

በተከፈተው በር ተስፋዬ ከሳሎኑ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ሆኖ፣ ቀና ብሎ እያየኝ ነበር።

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው፣ ወደ ብርጭቆዎቹ ዞሬ።